የጠፋ ድረ ገጽን ከአርካይቭ ማስመለስ፦ በእጅ፣ በነጻ መሣሪያ ወይስ በክፍያ?

የሆስቲንግ ክፍያ ተረስቶ ወይም ሰርቨር ተበላሽቶ ድረ ገጻችሁ ድራሹ ጠፋ እንበል። ከሁሉም በፊት ለሆስቲንግ ድርጅቱ ደውሉ፤ ባክአፕ ካላቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል። የለንም ካሉ ቀጣዩ በር ዌይባክ ማሽን ነው፤ የኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ገጾች ቅጂ ማሳያ። ኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድረ ገጾችን ሲሰበስብ ቆይቷል። የጉግል ካሽ (ጉግል ያስቀምጠው የነበረው የገጾች ቅጂ) ግን በ2024 ስለቀረ እሱን ፍለጋ አትድከሙ።

አርካይቭ ላይ ያለው ጎብኚ ያየው ገጽ ብቻ ነው። ጽሑፉና ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ይገኛሉ። ዳታቤዙ፣ ጣቢያውን ከጀርባ የሚያንቀሳቅሰው ፒኤችፒ ኮድና የአባላት መዝገቡ ግን የሉም። የፍለጋ ሳጥኑም ለዓይን ብቻ ነው። ይህ ብትከፍሉም ባትከፍሉም ያው ነው። ከፋዩም በነጻ የሚሞክረውም የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ገንዘብ የሚገዛው ጉልበት ነው። ስለዚህ «መቶ በመቶ እንመልሳለን» የሚላችሁን እለፉት።

ሃያ ሠላሳ ገጽ ከሆነ በእጅ ይቻላል። ችግሩ ዌይባክ በገጹ ላይ የራሱን ኮድ ይጨምራል፣ ሊንኮቹንም ይለውጣል። መላ አለው። በዌይባክ ቅጂው አድራሻ ውስጥ 14 አሃዝ ያለው የቀን ቁጥር ታገኛላችሁ። ከሱ ቀጥሎ፣ ክፍተት ሳትተዉ፣ «አይ» እና «ዲ» የሚሉትን የላቲን ፊደላት ከነሱም በኋላ የታች ሰረዝ አስገቡ። ገጹ እንደ ድሮው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል።

ገጹ በመቶዎች ከሆነ ዌይባክ ማሽን ዳውንሎደር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። የሚሠራው በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ እየተጻፈለት ስለሆነ ጥቁሩን መስኮት ለሚፈራ አይሆንም። ካልተነገረው የእያንዳንዱን ፋይል የመጨረሻ ቅጂ ያወርዳል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው! ዶሜኑን (የጣቢያውን አድራሻ) ሌላ ሰው ገዝቶት ከነበረ የፊት ገጻችሁ ሆኖ የሚወርደው የሱ የቁማር ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ጣቢያችሁ የሞተበትን ቀን ገደብ አድርጉለት።

የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ይህን ሁሉ ሠርተው ያስረክባሉ። ዋጋው በፋይል ወይም በገጽ ብዛት ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። የምትረከቡት ተራ ኤችቲኤምኤል (ዝግጁ የገጽ ፋይል) ነው ወይስ ዎርድፕሬስ (ጽሑፍ እየጨመሩ ጣቢያ የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት) የሚለውም መታወቅ አለበት። ኤችቲኤምኤል ለማንበብ ይበቃል፤ አዲስ ጽሑፍ ለመጨመር ግን ያስቸግራል። እኔ ብሆን የምከፍለው ጣቢያውን እየጻፍኩበት ልቀጥል ካሰብኩ ብቻ ነው።

የአማርኛ ጣቢያ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ደረጃ፣ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙዎች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች መጻፍ ቀጥለው ነበር። እንዲህ ያለ ገጽ ሲመለስ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ብቻ ነው የሚፈልገው። አማርኛ የማያነብ ባለሙያ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ የበዛበት አንድ ገጽና አንድ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ መርጣችሁ በናሙና እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።