ስታታ፣ አር ወይስ ኤስፒኤስኤስ? በዲኤችኤስ ዳታ ቴሲስ ለሚሠሩ

ሀዋሳ ሪፈራል ግቢ አካባቢ የቴሲስ ሰሞን የማይቀር ጥያቄ ነው፦ «የቱን ሶፍትዌር ልያዝ?» ዳታው ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ (የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ነው። ጥናቱ ደግሞ ሁሉንም ሴቶች ሳይሆን የተወሰኑትን ይመለከታል፤ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን፣ እንበል። ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑን (አዎ ወይም አይ የሆነ ውጤትን የሚተነብየውን ሞዴል) ሦስቱም ይሠሩታል። የሚለያዩት «ሞዴሉ ከዳታው ጋር ይገጥማል ወይ?» ሲባል ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ናሙናው ነው። ለ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ዲኤችኤስ በ21 ስትራታ (ናሙናው አስቀድሞ የተከፈለባቸው ምድቦች) ውስጥ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠዋል። የአንድ ክላስተር (የቆጠራ ቦታ) ሰዎች ይመሳሰላሉ፤ ዌይታቸውም (በስሌቱ የሚሰጣቸው ክብደት) ይለያያል። መግጠሙን ለማየት የተለመደው የሆስመርና ሌምሾው ፈተና ይህን ከቁጥር አያስገባም። የሚሻለው አርቸርና ሌምሾው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት፣ በኤፍ የተስተካከለው ፈተና ነው።

ስታታ ላይ ከ«ኤስቪዋይ ሎጂስቲክ» በኋላ «ኢስታት ጎፍ» ካላችሁ ይኸው ፈተና ይመጣል። ለንኡስ ቡድን ሌላውን ሳይጥል ቡድኑን ብቻ የሚያሰላው «ሰብፖፕ» አለ። ብዙ ሰው ግን «ኪፕ ኢፍ» ብሎ የቀረውን ሰው ይጥላል። ቡድኑ ትንሽ ሲሆን አንዱ ስትራተም ውስጥ አንድ ክላስተር ብቻ ይቀራል፤ በስታንዳርድ ኢረር ቦታ ነጥብ ብቻ ይታያል። ነጥቡ ባይመጣም ስሌቱ አይታመንም። ለንኡስ ቡድን እኔ ፈተናውን በእጅ መሥራት እመርጣለሁ። ፕሮባቢሊቲውን አስገምቱ፤ ከታየው ቀንሱና ሪዚጁዋሉን አውጡ። ቡድኑን ብቻ፣ በተገመተው ፕሮባቢሊቲ ቅደም ተከተል፣ በዌይት፣ ለ10 ክፈሉ። ከዚያ በ«ሰብፖፕ» የየክፍሉን አማካይ ሪዚጁዋል አውጥታችሁ ሁሉም ዜሮ መሆናቸውን ባንዴ ፈትኑ። ከዜሮ የራቀው ክፍል ራሱ ሞዴሉ የት እንደሳተ ይነግራችኋል። ከፒ ቫልዩ ይልቅ እሱን ነው የማየው፤ ናሙናው ትልቅ ሲሆን ጥቃቅን ጉድለትም ሞዴሉን ከፈተናው ይጥላል።

(ሲዳማን ለብቻ ለማየት ያሰባችሁ፦ ክልል የሆነው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2016ቱ ዳታ የክልል ኮድ ሀዋሳም ያለችው ደቡብ ውስጥ ነው።)

አር በነጻ ነው። የቶማስ ላምሊ «ሰርቬይ» ፓኬጅ ያንኑ ሥራ በጥቂት መስመር ይጨርሳል። «ሰብሴት» የሚደረገው ግን ዲዛይኑ (ስትራታውን፣ ክላስተሩንና ዌይቱን የያዘው) ነው፤ ዳታውን አስቀድሞ መቁረጥ ያው «ኪፕ ኢፍ» ነው። ፋሚሊውን «ባይኖሚያል» ካላችሁት ስለ ሙሉ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ «ክዋዚባይኖሚያል» በሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ያማርራል፤ ኮድ ነዋ።

ኤስፒኤስኤስ ለዚህ ሥራ አይመከርም። «ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ» ለብቻው የሚገዛ ሞጁል ነው። ንኡስ ቡድን ይቀበላል፣ ስዩዶ አር ስኩዌርም (ግምታዊ የመግጠም መለኪያ) ይሰጣል፤ የአርቸርና ሌምሾው ፈተና ግን የለውም። በ«ዌይት ኬዝስ» ማለፍ መፍትሔ አይደለም፤ ክላስተሩን አያውቀውም።

ግቢያችሁ ወይም አድቫይዘራችሁ የስታታ ፈቃድ ካላቸው በእሱ ሥሩ። ከኪሳችሁ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ ግን አርን ጫኑ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ተዉት፤ ቫይረሱ ቴሲሱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።