ዛንዚባርን እንደ ቤተኛ ላሳየችን የጅማ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የጅማ ልጆች! ከኒካሃችን በኋላ እኔና ባለቤቴ ለጫጉላ ዛንዚባር ሄደን በሰላም ተመልሰናል፣ አልሐምዱሊላህ። ፎቶ ያያችሁ ሁሉ "ማን አዘጋጀላችሁ?" እያላችሁ ነው። መልሱ እዚሁ አጠገባችን ነው። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቢሮ የምትሠራ የጉዞ ወኪል ናት፣ እና ስለ እሷ አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ ቢሮዋ ስንገባ የሆቴል ፎቶ አላሳየችንም። ምን እንደምንሠራና ምን ስናይ ደስ እንደሚለን ጠየቀችን። ባለቤቴ የቡና ሰው መሆኑን ስትሰማ "እንግዲያው አንተ ቅርንፉድ ሲደርቅ ማየት አለብህ" አለችው። ለእኔ ደግሞ ሂጃቤን አይታ ነው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት፣ ደሴቱ ላይ አብዛኛው ሰው ሙስሊም እንደሆነ፣ ምግቡ እንደማያሳስበኝና ከተማው ውስጥ እንግዳም ቢሆን ሸፈን ብሎ እንዲሄድ እንደሚፈለግ ነገረችኝ። ልቤ ያኔ ነው ያረፈው።

የወረቀቱን ጣጣም ጨረሰችልን። ቪዛው ጊዜ ሊወስድ ይችላል ብላ ቀደም አድርጋ አስጀመረችው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግድ ነው። በፈረንጅ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባር መንግሥት የራሱን ኢንሹራንስ ያስገዛል፣ ለአንድ ሰው 44 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ አስቀድማ ስለነገረችን ኤርፖርት ላይ ምንም አልተንገላታንም። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ዛንዚባር፣ በቃ።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ ግን "ክፍላችሁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል" ተባልን። መሽቷል፣ ደክሞናል። ደወልንላት። ጅማ ሆና ከአንዱ ወደ ሌላው እየደወለች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስቶን ታውን (ድንጋይ ከተማ) በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ በናስ ጉብጉብ ያጌጡ የተቀረጹ በሮች ባሉበት ሰፈር፣ ሌላ ማረፊያ አገኘችልን። ልዩነቱንም አላስከፈለችንም። እኔ በዚህ አገር እንዲህ የሚሠራ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለሰጠችን አንድ ወረቀት ነው። በእጇ የጻፈችው ነው። ባሕሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚሸሽና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ በእኛ ሰዓት አስልታ አስቀምጣልናለች። በምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ውሃው ሲሸሽ በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው፣ ትናንት የዋኛችሁበት ቦታ ዛሬ አሸዋ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያንን ሰዓት ጠብቀን ስንወርድ ሴቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። አሸዋው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ የባሕር ሣር ቁርጥራጭ እያሰሩ ያበቅላሉ። አንዷ እናት እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ገመዱን አሲዘውኝ አስተሳሰሩን አሳዩኝ። ቋጠሮው ላላ ካለ ማዕበል ይወስደዋል፣ ከጠበቀ ሣሩ ይቆረጣል። ሲደርቅ ወደ ውጭ ይላካል፣ እዚያውም ሳሙና ይሠሩበታል። ሆቴል ተቀምጠን ቢሆን ይህን በምን እናየው ነበር?

ያገናኘችን ሹፌርም ጠና ያሉ፣ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ" ሲሉ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን የፈረንጁን ሰዓት ስለሚጠቀሙ አንድ ጊዜ አረጋግጡ፣ ይህንንም ያስጠነቀቀችን እሷ ናት።

ቅርንፉዱ ጋ ባለቤቴን ከዚያ ማንሳት አልተቻለም። በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው፣ ልክ ጅማ ግቢ ውስጥ ቡና እንደሚሰጣው። ዕድሜ ልካችንን ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ለካ ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ከዛፉ ላይ ሲለቀም አረንጓዴና ቀላ ያለ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ገበሬው አንዱን በጣቱ ሰበረና ቀጭ ሲል አሰማን፣ ደርቋል ማለት ነው። ባለቤቴ በስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ማን እንደሚገዛቸው እየጠየቀ፣ ሹፌሩ እያስተረጎሙ፣ ሁለቱ የምርት ሰዎች እኔን ረስተው ቆዩ።

ጆዛኒ ደንም ሂዱ። እዚያ ያለው ቀይ ጉሬዛ ከዛንዚባር በቀር የትም የለም። ከሰል ይበላል! የሚበላው ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ እንዲቀንስለት ነው አሉን። ማታ ማታ ደግሞ ፎሮዳኒ ባሕር ዳር የሸንኮራ ጭማቂ በሎሚና በዝንጅብል ጠጡ። የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበትንም አትዝለሉ። ገበያው የተዘጋው በፈረንጅ በ1873 ነው፣ ዛሬ ቦታው ላይ ካቴድራል ቆሟል። እዚያ ስገባ የእኛው ሂርማታም ድሮ ሰው ይሸጥበት የነበረ ገበያ መሆኑን አስቤ ብዙ ከበደኝ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ጀዛኪላሁ ኸይረን። ደንበኛሽ ሳንሆን ቤተሰብሽ ነበር የመሰልነው።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ዝለሉት፣ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ሰው ይበዛበታል።