ጥቁሯ የእግር ስፌት መኪና ለብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ፦ ክረምትና በጋ ከሠራንባት በኋላ

ያለ ንድፍ፣ ከባለቀለም ብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ለሚጀምር ሰው ጥቁሯን የእግር መኪና እንመክራለን። ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ሥራ አታስፈታም። ከሁሉም በላይ ግን ፍጥነቷ በእግር ስለሚገዛ ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ስፌት በስፌት መሄድ ይቻላል። ዚግዛግ አትሰፋም፤ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም።

150 በ200 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ብርድ ልብስ ላዩ እስከ 1 ኪሎ የሚደርስ የጥጥ ቁርጥራጭ ይፈልጋል። ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የሚተርፈው ይበቃል። ቲሸርትና ሌላ የሚለጠጥ ጨርቅ አትቀላቅሉ። ሁሉንም አስቀድማችሁ እጠቡ፤ ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ለብቻ፣ ነጭ እራፊ አብራችሁ። እራፊው ከቀለመ ደግማችሁ እጠቡ።

ብጣሾቹን ያለ ማስመሪያ፣ በአንድ ጫፍ 3፣ በሌላው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡ። ርዝመታቸው ከ30 አይነስ። ሁለት ሰያፍ ጠርዞች ካልገጠሙ፣ የሁለቱም ፊት ወደ ላይ እንደሆነ 2 ሴንቲ ሜትር አነባብራችሁ አንድ ላይ ቁረጧቸው፤ ጠርዞቹ ወዲያው ይገጥማሉ። ከሦስት ብጣሽ አንዱ ፈዘዝ ያለ ቢሆን ደማቆቹ ይተነፍሳሉ። በአሜሪካ አላባማ የጊስ ቤንድ ሴቶች በዚሁ መንገድ ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። ጨርቁ አሮጌ መሆኑ ሥራውን አያሳንሰውም።

መኪናዋ ላይ 14 ቁጥር መርፌ ይበቃል። ጠፍጣፋ ጎኑ ዞሮ ከገባ ስፌት ይዘላል። የስፌቱን ርዝመት በእራፊ ላይ ሞክሩ፤ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ10 እስከ 12 ስፌት ሲገባ ልክ ነው። ከመርፌው በስተቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ለጥፉና የጨርቁን ጠርዝ እሱን አስይዛችሁ ንዱ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ብጣሽ በበዛ ቁጥር ጨርቁ እንደ ቀስት መጉበጡ ነው። የታችኛውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ያሉት የመኪናዋ ጥርሶች ይስቡታል፤ የላይኛው በመጫኛው እግር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁልጊዜ ከአንድ ጫፍ ከተጀመረ ልዩነቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ አንዱን ብጣሽ ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች ጀምሩ። እያንዳንዱን ስፌት ወደ ጠቆረው ጨርቅ አስተኝታችሁ ተኩሱ። ካውያውን አትጎትቱ፤ ጫን፣ ነሳ እያደረጋችሁ። የከሰል ካውያ ከሆነ አመዱ እንዳያበላሽ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ከዚያ በተጋጠሙት ብጣሾች ላይ 26 በ26 ሴንቲ ሜትር ካርቶን አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ከርክሙ። በወርድ 6፣ በቁመት 8፣ ባጠቃላይ 48 ካሬ ሲገጣጠም መጠኑ ይሞላል።

የመኪናዋ ትልቁ ድክመት እዚህ ጋ ይመጣል። ከመርፌው እስከ አንገቷ ያለው ክፍተት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መሃል ላይ አሮጌ ጋቢ፣ ከታች አቡጀዲ ሲገባ፣ የተጠቀለለው ግማሽ በዚያ አያልፍም። ባለ አራት ድርቡን ጋቢ ፈትታችሁ ሁለቱን ድርብ ብቻ ተጠቀሙ፤ ቡሉኮ ጨርሶ አይሞከር። ብርድ ልብሱን 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባላቸው ሦስት ክፍሎች ለየብቻ ደርቦ ሰፍቶ በመጨረሻ ማጋጠም ከሁሉ ይቀላል። ለድርቡ 16 ቁጥር መርፌ አስገቡ፣ ስፌቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አርዝሙ፣ ከመሃል ወደ ዳር ስፉ። አለዚያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በወፍራም ክር በእጅ እየቋጠሩ መያዝ ነው፤ ይህም ያማረ ሥራ ይወጣዋል።

በእነዚህ ወራት ጥገና የፈለጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የቆዳው ቺንጋ እየተለጠጠ ሲንሸራተት 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ ማያያዝ ይበቃል። የጋቢው ብናኝ ከቦቢኑ ሥር ተጠቅጥቆ ክር ያንቀዋል፤ ቦቢን በቀየራችሁ ቁጥር በብሩሽ ጥረጉ። ዘይቱ ነጭ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ይረጋና መኪናዋን ያከብዳታል። ጎማዋ ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይበጠሳል፣ ስለዚህ እግር ፔዳሉ ላይ ከማረፉ በፊት በእጅ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ አስጀምሯት።

ያገለገለች ስትገዙ መርፌ መያዣውን ዘንግ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። የሚወዛወዝ ከሆነ ስፌት መዝለሏ አይቀርም፤ ቀለሟ ቢያንጸባርቅም ተዋት።