«ኢንተርኔት አፍጣኝ» እየተባለች ከምትሸጠው ዕቃ ተጠንቀቁ

ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ሁለት አንቴና ያላት ትንሽ ነጭ ዕቃ «ኢንተርኔት አፍጣኝ» ተብላ እየተሸጠች ነው። ማስታወቂያው «ይሰኩ፣ ወዲያውኑ 300 ሜጋ ያግኙ» ይላል። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የገዙ ጎረቤቶች አሉና ዕቃዋን በቅርብ አይቻታለሁ። ከተለመደው የዋይፋይ ማራዘሚያ የምትለየው በስሟና በዋጋዋ ብቻ ነው።

ማራዘሚያ ዋይፋይ ወደማይደርስበት ክፍል ሲግናል ታደርሳለች፤ ለዚህ ሥራ አልነቅፋትም። ከአገልግሎት ሰጪው የገዛችሁትን ፍጥነት ግን አትጨምርም። የ10 ሜጋቢት ጥቅል ያለው ሰው ቤቱን በማራዘሚያ ቢሞላውም ከ10 አያልፍም።

300 የሚለው ቁጥር ከባዶ የተፈጠረ ስላልሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች በአንዱ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በሁለት አንቴናና በ40 ሜጋኸርዝ የቻናል (ሲግናሉ የሚሄድበት መስመር) ስፋት በወረቀት ላይ የሚገኝ ጣሪያ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ በተለምዶ የሚሠራባቸው ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ 40 ሜጋኸርዝ ደግሞ የሁለት ቻናል ያህል ቦታ ይይዛል። በየፎቁ ራውተር በተደረደረበት ሕንፃ ውስጥ ያንን ሁሉ ስፋት ለብቻ ማግኘት ላም አለኝ በሰማይ ነው። በዚያ ላይ ዕቃዋ አንድ ሬዲዮ (ሲግናል መቀበያና ማሰራጫ) ብቻ ስላላት ከራውተሩ የተቀበለችውን በዚያው ቻናል መልሳ ታሰራጫለች፤ ሊገኝ ከሚችለው የዋይፋይ ፍጥነት ግማሽ ያህሉ በዚህ ይባክናል። የገመድ መሰኪያዋ ደግሞ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። 300 ከየት ይመጣል?

ሻጩ ማስረጃ ሲጠየቅ የስልኩን የዋይፋይ ዝርዝር ገጽ ከፍቶ ትልቅ ቁጥር ያሳያል። ያ ቁጥር በስልኩና በዕቃዋ መካከል ያለው የግንኙነት ፍጥነት ነው፤ የኢንተርኔት መስመራችሁ ቢቋረጥ እንኳ አይጠፋም። ከማታለያው ሁሉ ያናደደኝ ይኼኛው ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፣ ትርጉሙ ነው የተቀየረው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መስመራችሁን ለኩ። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ፣ ቴሌቪዥኑንና የልጆቹን ስልኮች ከዋይፋይ አላቅቁ፣ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ካለ አጥፉ፣ ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ገጽ ክፈቱ። አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትተዉት፤ ጠዋት ደህና የነበረው መስመር ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽት ሊወርድ ይችላል። መለኪያው ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ስለሚመርጥ በውጭ አገር ያለም መርጣችሁ ሞክሩ፣ የምታዩት ቪዲዮ ከሩቅ የሚመጣ ሊሆን ይችላልና። ጥቅላችሁ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሆኖ ውጤቱ 94 ወይም 95 ላይ ከቆመ ከ100 በላይ የማያሳልፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ የኮምፒውተሩን መሰኪያና ገመዱን ጠርጥሩ።

ሌላም ሰውን የሚያደናግር ነገር አለ። ጥቅል የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን ፋይል ስታወርዱ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። በ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ቢወርድ ማንም አልሰረቃችሁም። 700 ሜጋባይት ፊልም ምንም ሳይጓደል እንኳ ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሻጩ «ኢንተርኔትዎ ሞቷል» የሚለው ይህንን ቁጥር እያሳየ ከሆነ ጥላችሁት ሂዱ።

በገመድ የተገኘው ከጥቅሉ እጅግ ካነሰ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ የለካችሁበትን ቀንና ሰዓት መዝግባችሁ አመልክቱ። ገመዱ ላይ ደህና ሆኖ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ የሚደክም ከሆነ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታችሁ ቤቱ መሐል ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ ራውተሩ ሁለተኛው የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ካለው ቅርብ ላሉ ዕቃዎች እሱን ተጠቀሙ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገመድ መዘርጋት ከተቻለማ ማራዘሚያም አያስፈልግም።

አሁንም እገዛለሁ የምትሉ ከሆነ «የኢንተርኔት ፍጥነት ይጨምራል» የሚለውን ቃል ሻጩ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት።