ሲስተርዬ፣ አባቴን ስላስተማርሽልኝ አመሰግንሻለሁ

ይህን የምጽፈው የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ ሲስተር ብቻ ነው የምላት። ሳላመሰግናት ግን አላልፍም።

አባቴ ስኳር አለባቸው። ሕመሙ የፊኛቸውን ነርቭ ስለጎዳው ሽንታቸው ተሟጦ አይወጣም። ከሽንት ቤት ተመልሰው አረፍ ሳይሉ ደግሞ ይነሳሉ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። በየመሃሉ ኢንፌክሽን፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት።

ከሲስተር በፊት ያየነውን እግዜር ያውቀዋል። አንዱ ጋ «የዕድሜ ነው» ተባልን። ሌላው ጋ ያው አንቲባዮቲክ ተደጋግሞ ታዘዘ። ከሸኑ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀር በአልትራሳውንድ ልይ ያለ አልነበረም። ከዚያ ትቦ ገባላቸው፣ ከረጢት ተንጠለጠለ። «እስከ መቼ ነው?» ስንል «በቃ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ነው» ተባልን። ቀና ብሎ እንኳ ያየን የለም። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ከመኝታ ቤት መውጣት ተዉ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሲስተር መጀመሪያ መጋረጃውን ዘጋች። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እኔ ልመልስ ስል «ቆይ፣ አባባ ይንገሩኝ» አለችኝ። አማራጮቹን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) ላበጠበት መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አለ። የእሳቸው ግን የፊኛ መድከም ነው። በሆድ በኩል የሚገባ ትቦም አለ። ስለ ነርቭ ማነቃቂያም ነግራናለች፤ እሱ ብዙም አልገባኝም። ለእሳቸው የተመረጠው ቀጭን ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ማውጫ ትቦ፣ ራሳቸው አስገብተው፣ ሽንቱ ሲያልቅ ወዲያው ማውጣት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይደረጋል።

ደነገጥኩ። ቤት ውስጥ? ለካ ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ነው። እጅን በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ ሰዓት ማክበር። ኢንፌክሽን የሚጋብዘውም ኩላሊት የሚጎዳውም ተጠራቅሞ የሚቆየው ሽንት ነው አለችን።

ስታስተምራቸው «አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ አባባ ራሳቸው ይችሉታል» ብላ አስወጣችኝ። ያን ቀን አልሆነላቸውም። አልተቆጣችም፣ ሰዓቷንም አላየችም። «ነገም እዚሁ ነኝ» ብላ ሸኘቻቸው። በማግስቱ እየሳቁ ወጡ። አለቀስኩ።

እባካችሁ፣ ለቋሚ ትቦ እሺ ከማለታችሁ በፊት «ሌላ አማራጭ የለም ወይ?» በሉ። ራስን በካቴተር መርዳት የሚያስተምር ነርስ አጥብቃችሁ ፈልጉ። ካላስረዷችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ድረሱ።

አባቴ አሁን እንግዳ ራሳቸው ይቀበላሉ። ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ!