ዲዲሞ ባለበት ወንዝ፦ ፌልት ሶል ወይስ የጎማ ሶል?

ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የጫማውን ሶል ከፌልት (ከተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ) ወይም ከጎማ ይመርጣል። ዲዲሞ የወንዝ ድንጋይን እንደ እርጥብ ሱፍ የሚሸፍን አልጌ ነው። መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል፤ ትራውት የተባለው ዓሣ የሚመገባቸውን ትልልቅ ነፍሳትም በጥቃቅን ትሎች ይተካል። በዓይን የማይታይ አንድ ሕዋስ በጫማ ተሸክሞ ሌላ ወንዝ መግባቱ ይበቃዋል።

አያያዝ
ፌልት፦ የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ አጥብቆ ይቆማል፤ ጭቃ ላይ ይከዳል።
ጎማ፦ ብቻውን አይታመንም። የተንግስተን (የጠንካራ ብረት) ጉጥ በብሎን ሲገጠምለት ለፌልት ይቀርባል። ከመግጠማችሁ በፊት የሶሉን ውፍረት ለኩ፤ የረዘመ ብሎን ዘልቆ እግር ይወጋል።

ማጽዳት (ዋናው ልዩነት እዚህ ነው)
ጎማ፦ ጭቃውን ፈግፍጉ፤ 5 በመቶ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ባለው ውሃ ሶሉን ቢያንስ ለ1 ደቂቃ አርጥቡት።
ፌልት፦ ሳሙናው ወደ ውስጥ ቶሎ አይደርስም። ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ውሃ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ጠብቁ። በማድረቅ ከሆነ ውስጡም ውጪውም ደርቆ ሌላ 48 ሰዓት መቆየት አለበት። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሚሆነው ፌልት ብዙ ሰው ያሳስታል።

ወጪ
ፌልት ቶሎ ያልቃል። ጎማ ይቆያል፤ ጉጡ ግን ለብቻው ይገዛል።

ሕግ በማይከለክልበት አገር፣ ሁልጊዜ አንድ ወንዝ ላይ ብቻ ለሚያጠምድ ፌልት ይስማማል። ከወንዝ ወንዝ ለሚዞር ጎማ ነው፤ ኒውዚላንድ ውስጥማ ፌልት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ከውጭ መጥቶ ባሌ ውስጥ ዌብ ወይም ዳንካ ወንዝ ለሚወርድም ጎማ ይሻላል፤ ውሃ የሚጠጣው የጫማ ክርና ገበርም አብሮ ይዘፍዘፍ።