«የተዳቀለ» ጽጌረዳ ወይስ የቁራጭ ጽጌረዳ? ለግቢ የሚገዛው የትኛው ነው

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል፦ በመንገድ ዳር 150 ብር የሚሸጠው የጽጌረዳ ችግኝ እና 600 ብር የሚጠራበት ችግኝ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ቀይ አበባ ይዘዋል፤ ሻጩም ስለ ሁለቱም «የተዳቀለ ነው» ይላል። መልሴን ከመጀመሪያው ልናገርና፣ እኔ ከእንግዲህ የምገዛው የ600 ብሩን ነው፤ ያውም ተከራክሬ በ550 ካገኘሁት። እዚህ ላይ የደረስሁት ግን በርካሹ በተደጋጋሚ ከተቀጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ከነዝርዝሩ ማስቀመጡ ሌላውን ሰው ከወጪ ያድነው ይሆናል።

በመጀመሪያ ገዢውን የሚያሳስተው ቃሉ ራሱ ነው። ሃይብሪድ ቲ የሚባለው፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅና ሹል እምቡጥ የሚይዘው የጽጌረዳ ወገን፣ መሠረቱ የልዩ ልዩ ጽጌረዳዎች መዳቀል ነው፤ የወገኑ የመጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረውን «ላ ፍራንስ» የተባለውን ዝርያ የፈረንሳዩ ጊዮ ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም ሃይብሪድ ቲ ቅርንጫፍ ተቆርጦ አፈር ውስጥ የተሰካ ቁራጭ «የተዳቀለ» ቢባል ሻጩን ውሸታም ማለት አይቻልም። የአቮካዶ ችግኝ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ግን በዚሁ ቃል የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የአንዱ ዝርያ ቡቃያ በሌላ ጠንካራ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ ችግኝ ማለት ነው። የ450 ብሩ ልዩነት የሚከፈለው ለዚህ ለሁለተኛው ትርጉም ብቻ ነው። በመሆኑም ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጎ ግንዱን ማየት ይሻላል። በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለው ችግኝ ከአፈሩ ጥግ ላይ ሻካራ ቋጠሮ አለው፤ አረንጓዴው ቅርንጫፍ የሚወጣውም ከዚያ ቋጠሮ ጎን ዘንበል ብሎ ነው። የቁራጩ ግን ቋጠሮ የሌለው አንድ እንጨት ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ አፈር ይገባል።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ስድስት የቁራጭ ችግኞች እያንዳንዳቸውን በ100 ብር ገዛሁና ለማጓጓዣ 200 ብር ጨምሬ በድምሩ 800 ብር አወጣሁ። ከስድስቱ አንደኛው ያማረ ቀይ አበባ ነበረው፤ ቤት ደርሼ ችግኙን ከካርቶኑ ሳወጣው አበባው ከነዘንጉ እጄ ላይ ቀረ። ከአበባ ሱቅ የመጣ ዘንግ በቀጭን ሽቦ ከችግኙ ጋር ታስሮ፣ ማሰሪያው በቅጠል ተሸፍኖ ነበር። ሌሎች ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው ከቆዩ በኋላ ጠወለጉ፤ ስስባቸው እስክሪብቶ ከክዳኑ እንደሚወጣ ያለ አንዳች ሥር ወጡ፤ ጫፋቸውም ጠቁሮ በስብሷል። በእንጨቱ ውስጥ በቀረው ምግብ ቅጠል አወጡ እንጂ ሥር አልሰደዱም ነበር። ባለ ሽቦውም አልቆየም፤ አንዱን ደግሞ ውኃ የተኛበት ቦታ ተክዬ እኔው ገደልሁት። ጥቅምት ላይ የቀሩልኝ ሁለት ስለነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 400 ብር ወጣባቸው ማለት ነው። በዚያው ሰኔ፣ እዚያው መንገድ ዳር፣ ቋጠሮ ያለው ችግኝ ይሸጥ የነበረው በ400 ብር ነበር።

ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ብዙዎቹ ሃይብሪድ ቲ ዝርያዎች፣ በተለይም ቢጫዎቹ፣ በራሳቸው ሥር ሲቆሙ ደካሞች ናቸው። የእኔ ቢጫ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጉልበቴ ከፍ አላለም፤ አበባውም በከበደ ቁጥር አንገቱን ወደ መሬት ይደፋል። የቀዩ ቁራጭ የተሻለ ጉልበት ቢኖረውም የተሸጠልኝ ግን በማይገባው ስም ነበር። በመንገድ ዳር ቀይ የሆነ ሁሉ «ሚስተር ሊንከን» ይባላል፤ እውነተኛው ሚስተር ሊንከን ግን ጠቆር ያለ ቀይና ሽታው ከሩቅ የሚጠራ በመሆኑ፣ አበባውን አሽትቶ ምንም ያልሸተተው ሰው ለስሙ ተጨማሪ ብር መክፈል የለበትም። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ቀይ ፒስ» ሊሸጡልኝ ሞክረዋል፤ «ፒስ» በዓለም የታወቀው ጠርዙ ወደ ሮዝ በሚያደላ ቢጫ አበባው ነው።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ከአበባ እርሻ ተነቅሎ የወጣ አሮጌ ተክል ነው። በርካሽ ይገኛል፤ እኔም ሁለት ገዝቻለሁ፤ ለማንም አልመክረውም። ለሆለታም ሆነ ለባቱ እርሻዎች የሚመረጡት ዝርያዎች ለምርት ብዛትና ከተቆረጡ በኋላ ለሚቆዩበት ጊዜ እንጂ ለሽታ የተመረጡ አይደሉም፤ የኖሩትም በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ዘወትር መድኃኒት እየተረጩ ነው። ያለ መድኃኒት ሜዳ ላይ ሲወጡ ቅጠላቸው በበሽታ ይጎዳል።

ቋጠሮ ያለውም ችግር የለበትም አልልም፤ ለጥገናው እውቀት ካልተጨመረበት የተከፈለበት ብር በአንድ ክረምት ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያዬ የተዳቀለ ችግኝ ከሥሩ አንድ ወፍራምና ለምለም ቀንበጥ አወጣ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም ከእናት ተክሉ በለጠ። እናቴ «ይኼ ነው እንጂ ጽጌረዳ!» ብለው በየቀኑ የቡና አተላ ያፈሱለት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ። ሲያብብ ግን አበባው ትንንሽና ፈዛዛ ሆነ፤ የገዛሁት ቅርንጫፍ በዚህ መካከል እንደ እርሳስ ቀጥኖ ነበር። ገጠር ያደጉት እናቴ አበባውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩት በኋላ «አንተ፣ ቀጋ በ400 ብር ገዛህ!» ብለው ሳቁብኝ። የዱር ጽጌረዳው ቀጋ ባይሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ከቋጠሮው በታች የሚወጣ ቀንበጥ የሥሩ ተክል ነው፤ ከተተወ ከላይ ያለውን ምግብ ይቀማዋል። መፍትሔው በመቀስ መቁረጥ አይደለም፤ የተቆረጠው ሦስት ሆኖ ይመለሳል። አፈሩን ቆፍሮ መነሻውን ማግኘትና ወደ ታች ገንጥሎ ማውጣት ነው። ቅጠሉ ሰባት ሰባት ከሆነ የሥሩ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሰባት ቅጠል የሚያወጡ ሃይብሪዶችም ስላሉ ቆጠራውን ትቶ መነሻውን ማየት ይሻላል። በዚህ አንድ ነገር ቁራጩ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ እስከ መሬት ቢሰበርም ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ያው ራሱ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ያለ ዋጋ የሚሰጥዎ፣ አበባውንም በዓይንዎ ያዩት ቁራጭ ከሆነ ይውሰዱት።

ቁጥቋጦውን ቅርጽ ለማስያዝም ሆነ አበባውን ለማሰናዳት የምከፍለው ለዘንግ ርዝመት ነው። ከቁራጮቹ የማገኘው ዘንግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ከረከቦቱ አጠገብ በብርጭቆ ከማስቀመጥ በቀር አይሆንም፤ የተዳቀለው ግን በሁለተኛ ዓመቱ ከ50 በላይ ይሰጣል፤ አንድ ዘንግ ብቻውን በረጅም ጠርሙስ ሲቆም ጠረጴዛውን ይሞላዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መግረዝ ነው። አራት ወይም አምስት ጠንካራ ቅርንጫፎች አስቀርቼ መሐሉን እንደ ዋንጫ እከፍታለሁ፤ የምቆርጠውም ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን (አዲስ ቀንበጥ ከሚወጣበት ነጥብ) ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብዬ ነው። ጥቅምት 20 አካባቢ የገረዝሁት በእኔ ግቢ ለገና ይደርሳል። ከዋናው እምቡጥ ጎን የሚወጡትን ትንንሾች ገና እንደ አተር ሳሉ በጣት እነቅላቸዋለሁ። ለማሰናዳት የሚቆረጠው በማለዳ፣ የእምቡጡ አረንጓዴ ሽፋን ወደ ታች ታጥፎ አንድ ቅጠለ አበባ ላላ ሲል ነው። እዚህ ላይ ስለ መቀስ አንድ ነገር ልጨምር፤ የታወቀ የስዊዘርላንድ ስም የተለጠፈበት 350 ብር የገዛሁት ኮፒ ዘንጉን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀው ነበር፤ በወሩም ስፕሪንጉ ተስፈንጥሮ ጠፋ። አሮጌ ግን እውነተኛ የሆነ መቀስ በ1,400 ብር ገዝቼ እስከ ዛሬ እየሳልሁ እሠራበታለሁ።

ባለፈው ዓመት ከአንዱ የተዳቀለ ተክል 38 ዘንግ ቆርጫለሁ፤ ከሁለቱ ቁራጮች በድምሩ 17። ሰፈራችን ያለው አበባ ሱቅ አንዱን ዘንግ 40 ብር ስለሚሸጠው የተዳቀለው ብቻውን 1,520 ብር መለሰልኝ ማለት ነው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው የመስከረሙን ገበያ ቢያሳልፍ ይሻለዋል፤ በአዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋ የሚጠራው በአበባው እንጂ በችግኙ አይደለም። ዘንድሮ የመረጥሁት ችግኝ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ 600 ብር ተብሎ ከአሥር ብር በላይ አልቀነሱልኝም፤ በጥቅምት መጨረሻ ስመለስ አበባው ረግፎ እዚያው ቆሟል። አፈሩን ገለጥ አድርጌ ቋጠሮውን አየሁ፣ 550 አልሁ፣ ሻጩም ሳይከራከረኝ ፕላስቲኩን አንሥቶ ሰጠኝ።